ብራዘር ፊንባር፣ የኋላ ወንበር ተማሪ

የከተማችን ሴቶች ብራዘር ፊንባርን ባገኟቸው ቁጥር የሚጠይቋቸው አንድ ነገር ነበር፤ ቅስናው መቼ ነው? እሳቸው ግን ቄስ የመሆን ሐሳብ ኖሯቸው አያውቅም። ትዳር ላይመሠርቱ፣ የኔ የሚሉት ንብረት ላይኖራቸው፣ ዕድሜያቸውን በማስተማር ሊጨርሱ ቃል የገቡ የመነኮሳት ማኅበር ወንድም ነበሩ፤ ብራዘር መባላቸውም ለዚሁ ነው። አንድ ፋሲካ ሚስስ ሃንራሃን የምትባል ባልቴት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይዛ ስትነዘንዛቸው፣ "ቄስ ከሆንኩማ ያንቺን ኃጢአት ቁጭ ብዬ ልሰማ ነው። የልጅ ልጅሽ የሒሳብ ደብተር ይበቃኛል" አሏት። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው ቀነሰ።

ከኬሪ አውራጃ ገጠር ወደ እኛዋ የክሌር አውራጃ የባሕር ዳር ከተማ ሲመጡ ሃያ አምስት ዓመታቸው ነበር። አርባ ሦስት ዓመት ሒሳብ አስተማሩ። አባቴን አስተምረዋል፤ እኔንም። ወደቡ ድረስ ይወስዱንና የጀልባ ምሰሶ ቁመት በጥላው ያስለኩናል። የተሳሳተ ቆሞ ይዘምራል። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ጥለው ይስቁበታል። እኔ ብዙ ዘምሬያለሁ። ኋላ አናጢ ሆንኩ፤ ከዚያም እዚያው ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ አስተማሪ።

ስልሳ ስምንት ሲሞላቸው ሐኪሙ ልባቸው ደክሟል አለ። ደብሊን ያሉት የማኅበሩ አለቃም ማስተማር አቁመው እዚያው ደብሊን ወዳለው የማኅበሩ አረጋውያን ቤት እንዲገቡ ደብዳቤ ጻፉ። ብራዘር ፊንባር በትሕትና መለሱ፤ ታዛዥ ናቸውና ከዛሬ ጀምሮ አያስተምሩም። ደብሊን ግን ለጊዜው መምጣት አይችሉም፤ መስከረም ላይ ትምህርት ይጀምራሉ።

የተመዘገቡት እኔ ክፍል ነው።

የመጀመሪያው ቀን አርፍደው ገቡ። ከኋላ፣ ኦሺን ከሚባል ሒሳብ ጭራሽ ከማይሆንለት የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ አጠገብ ተቀመጡ። ስማቸውን ከመዝገብ ጠራሁ።

"ብራዘር ፊንባር።"

"ፊንባር ይበቃል፣ መምህር" አሉኝ ከመቀመጫቸው ተነሥተው። "አለሁ።"

አሥራ ሁለት ዓመት ሳስተምር እንደሳቸው ያለ ተማሪ አልገጠመኝም። እርሳሴን ይደብቃሉ። መሮና መላጊያውን እያቀያየሩ ያስቀምጣሉ። እኔ ዞር ስል ፖም ይገምጣሉ። ከሁሉ የባሰው ወሬያቸው ነው። አንድ ሐሙስ ትዕግሥቴ አለቀና ከክፍል አስወጣኋቸው። በገዛ አስተማሪዬ ላይ በር ዘግቼ ነበር። ርእሰ መምህርቷ ኑላ ጋርቪ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፈው አገኘቻቸው። እሷም የእሳቸው ተማሪ ነበረች።

"ምን አጥፍተው ነው?"

"ሳወራ ተያዝኩ።"

"ከማን ጋር?"

"ጓደኛዬን አላጋልጥም።"

ኑላ ከንፈሯን ነክሳ "በክፍል ውስጥ አላወራም" የሚለውን ሃምሳ ጊዜ እንዲጽፉ አዘዘቻቸው። በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው ጽፈው አስረከቡ።

ወሬው ምን እንደነበር የገባኝ ከገና በኋላ ነው። ኦሺን ሒሳብ አለፈ። የሒሳብ አስተማሪው ኮርጇል ብሎ እንደገና ፈተነው፤ እንደገና አለፈ። እኔም ብራዘርን ለብቻቸው ይዤ ለአለቃቸው የገቡትን ቃል አስታወስኳቸው።

"አላስተማርኩትም" አሉ። "እሱ ከኔ ሲኮርጅ ዝም ነው ያልኩት። ያም ጥፋት ከሆነ ቅጣኝ።"

ሰኔ ላይ የመጨረሻው ፈተና ደረሰ። የሠሩት በርጩማ ሦስት እግር እያለው ወደ ግራ ያጋድል ነበር። ወደቁ። ክፍሉን መድገም ስላለባቸው ከልብ እንዳዘኑ ለአለቃቸው ጻፉ። በሁለተኛው ዓመትም ወደቁ፤ ሐዘናቸው ባሰ። በአጠገባቸው የተቀመጡት ልጆች ግን ሒሳብ አለፉ።

በሦስተኛው ዓመት ግን እጃቸው ሳያስቡት ሙያውን ለምዶ ኖሮ አለፉ። ውጤቱን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

"ምን አድርገኸኝ ነው?" አሉኝ።

በመኪናዬ ደብሊን ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ የሸረሪት ድር በመሰለ ፀጉር የተሸፈነ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ተጓዙ። በአረጋውያኑ ቤት በር ላይ ሻንጣቸውን ሳቀብላቸው ልነግራቸው ያሰብኩትን ሁሉ ተውኩት። እንዲሁ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ በሕይወቴ እንደርስዎ ያለ ረባሽ ተማሪ አላስተማርኩም አልኳቸው።

ደስ አላቸው። "አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ጎበዝ ጎበዝ ረባሾች ፊቴ ተቀምጠው እንዴት እንደሚረበሽ ሲያሳዩኝ ኖረዋል" አሉ። "አንተም አንዱ ነህ።"

እዚያ አራት ዓመት ኖሩ። ኦሺን አሁን መሐንዲስ ነው፤ በየዓመቱ መቃብራቸው ላይ አበባ ያስቀምጣል።