በግራ እጄ የሠራሁት ኮከብ

እስከ ዛሬ መቀስ ባነሳሁ ቁጥር የዱቄት ሙጫ ጣዕም አፌ ላይ ይመጣብኛል። ልጅ ሳለሁ፣ ኢሕአዴግ ገብቶ ሰው ሁሉ ስለ አዲስ ነገር በሚያወራበት ዘመን፣ ቦንጋ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል መዋዕለ ሕጻናት እማር ነበር። ገና ሲቃረብ ፊደል መቁጠሩ ይቀርና መቁረጥና መለጠፍ ይጀመራል። አስተማሪያችን እትዬ አስካለ የስንዴ ዱቄት ሙጫ ቤታቸው አብስለው በጣሳ ያመጡልናል፤ እኛም እሳቸው ዞር ሲሉ ጣታችንን እየነከርን እንልሳለን። በየደጃፉ የተሰጣው ቡና ሲደርቅ ሽታው በመስኮት ይገባል። ለእኔ የገና ሽታ እሱ ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ቀይ ቡናና ለብ ያለ ሙጫ።

እትዬ አስካለ ክፉ ሴት አልነበሩም። አፍንጫችንን በገዛ መሐረባቸው ይጠርጉ ነበር፤ ዝናብ ሲጥል የሩቆቹን ልጆች እቤታቸው አስገብተው ያስጠልሉ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አይወዱም፤ ግራ እጅ። እኔ ደግሞ ግራኝ ነበርኩ። ትልልቅ ሰዎች ጠዋት ጠዋት «ቀኝ ያውልሽ» ብለው በሚመርቁበት አገር ግራኝ ሆኖ መፈጠር ቀላል አይደለም። እትዬ ግራ እጄ እንዳይቀድም ማስታወሻ ይሆናት ብለው አንጓዬ ላይ ቀይ ሪባን አሰሩልኝ። ሪባኑ ያምር ስለነበር ልጆቹ ቀኑብኝ። በመጨረሻው ቀን በጎች በቀኝ ፍየሎች በግራ እንደሚቆሙ ያስተማሩን ዕለት ግን ከትምህርት ቤት እስከ ቤታችን ድረስ እጄን እያገላበጥኩ የፍየል ጸጉር በቅሎበት እንደሆነ ስፈልግ ሄድኩ።

በዚያ ዓመት ለገና ድራማ እንድንሠራ ተወሰነ። ሁላችንም ከካርቶን ኮከብ ቆርጠን የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት እንድንለጥፍበት ታዘዝን። ኮከቡ ከሁሉ ያማረለት ልጅ ከሰብአ ሰገል ፊት ፊት ይሄዳል ተባለ። እኔ ያንን ቦታ የተመኘሁትን ያህል ሌላ ነገር የተመኘሁ አይመስለኝም። ቤታችን የሚነገረው ካፊኖኖ ስለነበር አማርኛዬ ገና አልጸናም፤ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። መልአኩ ይናገራል፣ እረኞቹ ይናገራሉ፣ ሄሮድስማ ይጮኻል። ኮከብ ግን አይናገርም። ዝም ብሎ ከፊት ይሄዳል፣ ሁሉም ይከተለዋል።

መቀሱ ጥቂት ስለነበር ተራ ይዘን ነው የምንቆርጠው። ተራዬ ሲደርስ በቀኝ እጄ ያዝኩት። ካርቶኑ በሁለቱ ስለት መሃል ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥም። ጣቴ አላበው፣ አውራ ጣቴ ተላጠ። ሪባን የታሰረበት እጄ ጭኔ ላይ ተቀምጦ «ለእኔ ስጪኝ» የሚል ይመስል ይቁነጠነጣል። አጠገቤ የሚቀመጠው ተስፋዬ አጎንብሶ አየና፣

«ውሻ ያኘከው ነው የሚመስለው» አለ።

እትዬም መጥተው አዩት። «አይዞሽ፣ በቀኝሽ ነው፤ ቀስ በቀስ ይለመዳል» አሉኝ። በማግስቱም በሌላ ካርቶን ያው ሆነ። ከዚያ በኋላም ያው። የሚያናድደኝ አለመቻሌ ብቻ አልነበረም፤ ኮከቡ ጭንቅላቴ ውስጥ ጫፉ ሁሉ ተስተካክሎ እየታየኝ ከእጄ ግን የታኘከ ካርቶን መውጣቱ ነበር።

በዚያ ሰሞን አጎቴ ከማንኪራ መጥቶ ጓሯችን ውስጥ የንብ ቀፎ ይሠራ ነበር። የቀርከሃ ስንጥር ተርፎ መሬት ላይ ተበትኗል። ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ሁሉ ገበያ ሲሄድ ሪባኑን ፈታሁና ቁጭ አልኩ። ስንጥሮቹን ሦስት ሦስት አድርጌ ሁለት ሦስት ማዕዘን ሠራሁ፤ አንዱን በአንዱ ላይ ገልብጬ፣ መገናኛቸውን ሁሉ በእንሰት ቃጫ አሰርኩ። ግራ እጄ ማንም ሳያስተምረው ያውቅበት ነበር። ቀና ስል ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች፣ ጉልበቴ ላይ ትልቅ ኮከብ ተቀምጧል። ማንም ስላላየኝ እልል ያልኩት ለብቻዬ ነው።

ሰኞ ጠዋት ይዤው ገባሁ። እትዬ አስካለ ተቀብለውኝ ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት፤ ቋጠሮውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ማን ሠራልሽ?»

«እኔ።»

«አንቺ ራስሽ?» ፊታቸው በራ። ከዚያ አንጓዬን አዩ፤ ሪባኑ የለም። «በየትኛው እጅሽ?»

መዋሸት እችል ነበር፤ አልታየኝም። ግራ እጄን አነሳሁ። እትዬ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ከዚያ ኮከቡን ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ሰቀሉት፤ ከሁሉ ያማረው እሱ ነው አሉ። ያ ሁሉ ልጅ አጨበጨበልኝ።

«የሚይዘው ግን ተስፋዬ ነው» አሉ ቀጥለው። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ረስተሽ በግራሽ ታነሺውና በጉባኤ ፊት እናትሽን ታሳፍሪያለሽ። አንቺ በግ ትሆኛለሽ። በግ መሆን መልካም ነው፣ የኔ ልጅ።»

በገና ዋዜማ አዳራሹ በወላጅ ሞላ። እኔ ጥጥ የተለጠፈበት ካናቴራ ለብሼ ግርግሙ ሥር ተንበርክኬያለሁ። ጥጡ ያሳክካል፣ ሙጫው አንገቴ ላይ ይደርቃል። ተስፋዬ ኮከቤን እንደ ባንዲራ እያውለበለበ ገባ። እንዲህ እንደማይያዝ አውቃለሁ፤ ቃጫ ሲወዛወዝ ይላላል። በጉ ግን እንዳይናገር ታዟል። መድረኩ መሃል ሲደርስ አንዱ ቋጠሮ ተፈታ፤ የኮከቡ ግማሽ ተንጠለጠለ። ሰብአ ሰገል ቆሙ። ተስፋዬ እኔን አየኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

ተነሣሁ። በጉ በሁለት እግሩ ቆሞ ሲሄድ ሰው ሳቀ፤ ግድ አልሰጠኝም። የቃጫውን ጫፍ በግራ እጄ ያዝኩና አንዴ አዞርኩት። ጠበቅ አለልኝ። አንድ ዙር ብቻ ሲቀረኝ መጋረጃ ከሆነው አንሶላ ጀርባ «በቀኝ! በቀኝሽ!» የሚል የእትዬ ሹክሹክታ መጣ። አዳራሹ ሁሉ ሰማው። በአማርኛ ሰው ሲቸግረው «ግራ ገባኝ» ይላል፤ ያን ቀን እኔን የገባኝ ቀኙ ነው። እጅ ለወጥኩ። ቃጫው አመለጠኝ፣ ስንጥሮቹ እንዳለ መድረኩ ላይ ተንኳኩተው ተበተኑ። ተስፋዬ አንድ እንጨት ይዞ ቀረ። ሰብአ ሰገልም ያለ ኮከብ፣ ልምምድ ላይ በለመዱት መንገድ ሄደው ሕጻኑን አገኙት።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ እጄን ያዘች። ከዚያ በካፊኖኖ፣ «እያሰርሽው ነበር እኮ፤ ለምን መሃል ላይ ተውሽው?» አለችኝ። መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሚወጣ ግን አላወቅሁም። አለቀስኩ። እሷም ኮከቡ ስለተሰበረ ያለቀስኩ መስሏት ነገ ሌላ እንሠራለን አለችኝ። አልሠራንም።

ዛሬ ልጄ የምትማርበት መዋዕለ ሕጻናት ውስጥ በየትኛው እጅ ጻፍሽ የሚል የለም። ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ግን ለገና ኮከብ ግዙ የሚል ማስታወቂያ ይላካል፤ ከሱቅ የፕላስቲክ ኮከብ እንገዛለን፣ ልጆቹ ተስሎ የተሰጣቸውን ቀለም ይቀባሉ። ሙጫውም አይላስም። የእኛ ጊዜ ይሻል ነበር ልል እጀምርና አፌን እይዛለሁ።

ባለፈው ሰሞን ገበያ ውስጥ እትዬ አስካለን አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ጎረቤታቸው ደግፋቸው ትሄዳለች። ስሜን ጠርተው አገላብጠው ሳሙኝ። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞረው፣ «ይህችን ታያለሽ? ግራኝ ነበረች እኮ። ቀኝ ያደረግኋት እኔ ነኝ!» አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ኩራት ምን ልበላችሁ፤ ወልደው የዳሩ እናት ይመስሉ ነበር።

«አይደል፣ የኔ ልጅ?»

«አዎ፣ እትዬ። እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ባጃጅ ጠርቼ ደግፌ አሳፈርኳቸው።

ባጃጁ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት መልስ ሁሉ አንድ ላይ አፌ ላይ ሞላ። ቃላቱ አልጎደሉኝም፤ ጥርት ባለ አማርኛ ነበር የመጡልኝ። ያንንም አማርኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።