ልጄን ከእረፍት ያስቀረኋት እኔ ነኝ

ልጄ ስትወለድ የላይ ከንፈሯ የተሰነጠቀ ነበር። እኔ በላቦራቶሪ ባለሙያነት በምሠራበት ሆስፒታል፣ እዚሁ ጎንደር ተሰፋላት። ቁስሉ ሲድን ከአፍንጫዋ ወደ ከንፈሯ የሚወርድ ጠባሳ ቀረ፤ አንደኛው የአፍንጫዋ ቀዳዳ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ስትናገርም ድምፅዋ በአፍንጫዋ በኩል ይወጣል። ከዚያ በቀር ምንም የላትም። ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ፎቶ ላነሳት ስል «በእጅሽ ሸፈን አድርጊው» እላት ነበር። አራት ዓመት ሲሞላት፣ ማንም ሳይነግራት፣ በሳቀች ቁጥር አፏን መያዝ ጀመረች።

አንደኛ ክፍል የገባችው ፀዳ፣ ሰፈራችን ካለ ትምህርት ቤት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ልጅ አነጋገሯን እያስመሰለ ክፍሉን አሳቀባት። በማግሥቱ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ብቻዬን ሄጄ አስተማሪዋን አነጋገርኳት። ገና በዚያ ዓመት ሥራ የጀመረች ወጣት ናት።

«እረፍት ሲሆን ክፍል ውስጥ ትቆይልኝ» አልኳት።

«ብቻዋን?»

«ሥዕል ትሥላለች። ግቢ ውስጥ እንዲያሳቅቋት አልፈልግም። እኔ የሆስፒታል ሰው ነኝ፤ ለእሷ የሚሻላትን አውቃለሁ።»

ሆስፒታሉን ያነሳሁት አስተማሪዋ እንዳትከራከረኝ ነበር። ተሳካልኝ፤ ቅር እያላት «እሺ» አለች። ለሚስቴ ትንፍሽ አላልኩም።

ለልጄ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። የትምህርት ቤቱ አጥር ሽቦ ነው፤ ልጆች ሲጫወቱ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያያቸዋል። ከሚያልፉት መካከል የሥራ ባልደረቦቼ ነበሩበት። እሷን እንዳያዩብኝ ነው የፈራሁት።

ሁለት ወር ያህል አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ለአፍንጫዋ የሐኪም ቀጠሮ ስለነበራት ልወስዳት ሄድኩ። የእረፍት ሰዓት ነበር። ክፍሉን ስከፍት ማንም የለም። እየሮጥኩ ወደ ጓሮው ዞርኩ።

ሁለት ሴት ልጆች ገመድ ያዞራሉ፤ መሐል ላይ የምትዘለው የእኔ ልጅ ናት። የጫማዋ ማሰሪያ ተፈቷል፤ ሹሩባዋ ተበትኗል። ሌሎቹ ዙሪያዋን ከበው በአንድ ድምፅ ይቆጥሩላታል። አፏን ከፍታ ትስቃለች፤ ሁለቱም እጆቿ አየር ላይ ናቸው። ያንን ሳቅ ቤታችን ውስጥ ሰምቼው አላውቅም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ስሟን ጠርቼ ጮኽኩባት።

ገመዱ ወደቀ። ልጄ ቆመችና አፏን በእጇ ያዘች።

ከገመድ አዟሪዎቹ አንዷ፣ ቀጠን ያለች ልጅ፣ ወደ እኔ መጣች። «አያ፣ ምነው ይቆጧታል?» አለችኝ። «ሸጋ እየዘለለች ነበር እኮ።»

ልጄን ከነቦርሳዋ ይዤ ወጣሁ።

ባጃጅ ውስጥ ልጄ ስለዚያች ልጅ አጫወተችኝ። ከገጠር፣ ከአምባ ጊዮርጊስ መጥታ አክስቷ ጋር እየኖረች ነው የምትማረው። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ እንደ አገሯ ልማድ «አያ» ብላ በመጥራቷ ልጆቹ ሲስቁባት እሷም እረፍት ላይ ክፍል ውስጥ ቀረች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ልጄን ጠጋ ብሎ ማየት ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ስወለድም እንዲህ ነኝ።»

«ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«እንግዲያማ ነይ እንጫወት።»

ልጄን ይህን የጠየቃት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። እኛ ቤት አይነሳም።

«ቲቸር አትወጪም ትለኝ ነበር» አለችኝ ልጄ። «ጓደኛዬ ግን በየቀኑ ‹እሷ ካልወጣች እኔም አልወጣም› ስትል ቲቸር ዝም አለች። አባዬ፣ ቲቸር አትወደኝም መሰለኝ። ለምን እንደከለከለችኝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አልኳት።

አሁን ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። ከዚያች ልጅ ጋር አይለያዩም፤ ሌሎቹም ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችንን ይሞሉታል። የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋን መንገድ ላይ ባየች ቁጥር ግን ልጄ ፊቷን ታዞራለች። አስተማሪዋ አንድም ቀን አላጋለጠችኝም። እኔን ሰላም ብላ፣ የልጄን ጀርባ አይታ ታልፋለች። በየጊዜው እናገራለሁ እላለሁ፤ በየጊዜው ይቀራል።

ባለፈው እሑድ ሁለቱን ልጆች ይዤ ቁስቋም ሄጄ ነበር። ቅዳሴ አልቆ ስንወጣ አስተማሪዋ በሩ አጠገብ ቆማለች። ልጄ እንደ ልማዷ ዞረች። ጓደኛዋ «ዛሬም አኩርፈሻታል?» ስትላት «ክፍል ውስጥ ስታስቀረኝ ለምን አላኮርፍ?» አለቻት።

«እሷ አይደለችም» አልኩ። «እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ። እኔ ነኝ የለመንኳት።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «ለምን?»

«ሰው እንዳያይሽ። አፍሬ።»

«በእኔ?»

«አዎ።»

ጓደኛዋ መሬት መሬቱን ታያለች። ልጄ አላለቀሰችም። ጥላን ሄዳ አስተማሪዋን አቅፋ ሳመቻት። የተባባሉትን አልሰማሁም፤ አስተማሪዋ ግን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ። መጠጋት አቃተኝ።

ስትመለስ «እማዬ ታውቃለች?» አለችኝ።

«አታውቅም።»

«ዛሬውኑ ንገራት» ብላኝ ከጓደኛዋ ጋር ባጃጅ ውስጥ ገባች። እኔ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ።

ቤት እንደገባን ሚስቴን ጓዳ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«እኔ እኮ ያችን አስተማሪ ልጄን አገለለችብኝ እያልኩ ስንት ቦታ አምቻታለሁ» አለችኝ።