የአጎቴ መጋዝ

አጎቴን በስሙ የሚጠራው መታወቂያው ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ መሮ ነው። መሮ ድንጋይ የሚጠረብበት ብረት ነው፤ ቀጭን፣ ጠንካራ፣ “አናቱን ካልመቱት ደግሞ የማይሠራ” ትላለች እናቴ ስትተርበው። እናቴ ታላቅ እህቱ ናት። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሷ ኮረዳ፣ እሱ ገና ድክድክ የሚል ሕፃን ነበር። እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። ጢሙ ሸብቶ እንኳ እትዬ ነው የሚላት፣ ሲጋራውንም ይደብቃታል። እሷም ኪሱ ውስጥ መኖሩን እያወቀች እንዳላየች ታልፋለች።

እኔ ከእናቴ ጋር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤታችን ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ነው፤ የስፌት መኪናዬ በረንዳው ላይ ናት። የበሩ ደፍ አጎቴ ጎረምሳ ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠረበው ድንጋይ ነው። በአንድ በኩል ዘመም ስላለ እንግዳ ሁሉ ይደናቀፍበታል። እናቴ ግን ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። ስለ ድንጋይ የማውቀው አጎቴ ምሳ ላይ የሚያወራውን ያህል ነው፤ እሱ ደግሞ ምሳ ላይ ከድንጋይ ሌላ አያወራም።

መሮ ድንጋይን የሚያውቀው በጆሮው ነበር። በትንሿ መዶሻ ኳ ያደርገውና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰማ “ጮኸ” ይላል። እዚያው ላይ ሽብልቁን ይተክላል፣ በትልቁ መዶሻ አንዴ ሁለቴ ሲለው ድንጋዩ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ይከፈታል። አንዳንድ ጨርቅ አለ፣ ጫፉን በመቀስ ነካ አድርገው በእጅ ሲስቡት ክሩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ የሚቀደድ። አጎቴ ከካባው፣ ድንጋይ ከሚያወጣበት ኮረብታ፣ የሚፈነቅለው ድንጋይ እንደዚያ ነበር። ከሩቅ እየመጡ ለአጥርና ለቤት ግድግዳ ይገዙታል፤ እሱም ልጁን እንደሚያሞግስ አባት ያወራለታል።

ኮረብታውን መጀመሪያ የያዘው ከአንድ ሸሪኩ ጋር ነበር። ሸሪኩን ሙጫ ይሉታል፤ አንዴ ከተጣበቀ አይለቅማ። ሲለያዩ የመምረጥ ዕጣ ለመሮ ወጣለት። መሮም በመዶሻው እያንኳኳ ዞረና የሚጮኸውን ግማሽ ወሰደ። ለሙጫ የቀረው ጠራቢዎቹ ዱዳ የሚሉት ድንጋይ ነው፤ ቢመቱት ድፍን ድምፅ ብቻ የሚሰጥ፣ ሽብልቅ ቢተክሉበት ሽብልቁን የሚያጣምም። ሙጫ እየሰባበረ ለመሠረት መሙያ ይሸጠው ጀመር። የሰፈሩ ጠራቢ ሁሉ ሳቀበት፤ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ደግሞ የእኔው አጎት ነው።

ከዚያ የገዢው ፍላጎት ተለወጠ። የሚሠራው ሕንጻ ሁሉ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ፊት የሚያሳይ ንጣፍ የሚፈልግ ሆነ። አንድ ኮንትራክተር ወደ ካባው መጥቶ ድንጋዩን ዳሰሰና “ቀለሙ ግሩም ነው፤ በማሽን ቆርጠህ ካመጣህ ያለህን ሁሉ እወስዳለሁ። በእጅ የተጠረበ ግን ለአጥር ነው” አለው። ለአጥር የምትለዋ ቃል ለአጎቴ የእግር እሳት ሆነችበት። በሳምንቱ መጋዝ፣ ሼድ፣ ትራንስፎርመር እያለ በምሳ ሰዓት እንጀራውን ረስቶ ያወራ ጀመር።

ገንዘብ ፍለጋ የሄደበት የብድር ድርጅት ያቀረበለት ውል ቀላል ነበር፤ ቀላል የሚመስለው እስኪገቡበት ነው። የመቁረጫ ማሽኑን ድርጅቱ ይገዛል፣ መሮ እየሠራ በየወሩ ይከፍላል፣ ከፍሎ እስኪጨርስ ድረስ ማሽኑ የድርጅቱ ነው። ለሼዱና ለመብራት መስመሩ ደግሞ ለብቻው ብድር ይሰጠዋል፤ ለእሱ ማስያዣ ያስፈልጋል። መሮ ያለው ካባ ብቻ ነው፤ ጉድጓድን ማን በማስያዣነት ይቀበላል? የቀረው የእኛ ቤት ነው።

የፊርማው ቀን አብሬያቸው ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ለመጣላት ነው የሄድኩት። የብድር ባለሙያዋ ከእኔ የምታንስ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ወረቀቱን ከመግፋቷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀች።

“ጋሼ፣ ድንጋይዎ በመጋዝ ተቆርጦ ያውቃል?”

“እንዴት ማለትሽ ነው?”

“ለናሙና ትንሽ ይውሰዱና ማሽን ያለው ሰው ጋ ያስቆርጡት። ከዚያ ብንፈራረም ይሻላል።”

መሮ ሳቀ። “የኔ ልጅ፣ ይሄን ድንጋይ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለመዶሻ እንዲህ የሚታዘዝ ድንጋይ ለመጋዝ እምቢ ይላል? ቅቤ ለቢላ እምቢ ሲል አይተሻል?”

“ለእርስዎው ብዬ ነው።”

“ገብቶኛል። ግን ኮንትራክተሩ አይጠብቀኝም።”

በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። እግሩን ሰበሰበው እንጂ ዞር ብሎ አላየኝም። እናቴ እስክሪብቶውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

“እትዬ፣ ፈራሽ እንዴ?” አላት።

“አልፈራሁም። አንተ እያለህ ምን ያስፈራኛል?” አለችና ፈረመች። ቤት ስንደርስ ግን ያ ዘመም ያለው ደፍ ላይ ቁጭ አለች፤ “ግቢ እንጂ” ብላትም “ትንሽ አየር ልውሰድ” እያለች እዚያው ቆየች።

ማሽኑ የተተከለ ዕለት ሁላችንም ሼዱ ውስጥ ነበርን። ማሽኒስቱ ሞተሩን አስነሳ፣ ውሃው ተረጨ፣ ክቡ መጋዝ ድንጋዩ ውስጥ ገባ። ጩኸቱ ጥርስ ያፋጫል። የመጀመሪያው ቁራጭ ወጣ፤ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚያምር። መሮ በመዳፉ ዳበሰውና እናቴን ዞሮ አያት። ሁለት ሠራተኞች ዳርና ዳር ይዘው ሲያነሱት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላቀቀና እግራቸው ሥር ፈሰሰ። “ሌላ” አለ መሮ። ሌላውም ፈሰሰ። ድንጋዩን አዙረው ሲቆርጡት ደግሞ እንደ ብስኩት ተሰባበረ። ማሽኒስቱ ማንም ሳያዘው ሞተሩን አጠፋ።

ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። ያ ድንጋይ በመዶሻ በቀላሉ የሚከፈተው ውስጡ ንብብር ስለሆነ ነው። ወፍራም ሲሆን ተያይዞ ይቆማል፤ ሲሳሳ ግን የሚይዘው የለም። አጎቴ ዕድሜ ልኩን ያሞገሰው ጠባዩ ነው ጉድ የሠራው። ይህን ስህተት እኔ ብሆን አልሠራውም ነበር፣ ምክንያቱም ስለ ድንጋይ አላውቅም፤ ልጅቷ አስቆርጥ ስትለኝ አስቆርጥ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይሄ ነው። አጎቴ ብብት ውስጥ የነበረው ደግሞ የእናቴ ቤት ነው።

ድርጅቱ ማሽኑን መልሶ ቢሸጠው እንኳ የሚጎድለው ከቤቱ ይነሳል ተባለ። በእጅ እየጠረበ እንዳይከፍል፣ የእጅ ሥራ ለዕለት ጉርስ እንጂ ለወር ክፍያ አይበቃም። ማሽኑ መቁረጥ አለበት፤ ለመቁረጥ ንብብር የሌለው፣ ድፍን ድንጋይ ያስፈልገዋል። ድፍን ድንጋይ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

መሮ ድንጋይ ሊገዛው ሲሄድ ሙጫ ሻይ አዘዘለት፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝም ስልክ ሲያወራ ቆየ።

“መሮዬ! ወንድሜ! ዛሬ ዱዳው ትዝ አለህ?”

“ዋጋህን ተናገር።”

“እኔና አንተ ደግሞ ስለ ዋጋ እንነጋገራለን?” አለና ተናገረ። ክፍያውም ድንጋዩ ከመጫኑ በፊት፣ በጥሬ ገንዘብ።

“በዚህ ዋጋማ ለኔ ምንም አይተርፈኝም” አለ አጎቴ።

“ለቤቱ ይተርፋል” አለ ሙጫ፣ ሻዩን ወደ እሱ እየገፋ። “ቤቱ አይበቃህም?”

ይህን የነገረኝ ራሱ መሮ ነው። ሲነግረኝ ሙጫን አልሰደበም፤ እኔ ግን ለሁለታችንም የሚበቃ ተሳደብኩ። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ የሙጫ፣ ማሽኑ የድርጅቱ፣ ቤቱ የእህቱ ሆኖ የእሱ የሆነው ድካሙ ብቻ ነው። ገበያው ትንሽ ሻል ሲል ሙጫ ዋጋ ይጨምራል፤ ሲቀዘቅዝ አይቀንስም። ጠዋት መብራት ሳይጠፋ ለመቁረጥ ይሮጣል፣ መብራት ሲጠፋ እስኪመጣ ይጠብቃል። የራሱ ካባ ላይ ሣር በቀለ።

መጋዙ አጠገብ ሲቆም ጆሮውን አይሸፍንም። የብድር ባለሙያዋ ለጉብኝት መጥታ አይታው የጆሮ መሸፈኛ ላከችለት፤ ሼዱ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀለው። “ማሽኑ ሲከፋው ቀድሜ የምሰማው በምኔ ነው?” ይላል። አሁንም በጆሮው መመካቱን አልተወም ማለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ጆሮው እየሄደ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቅ ሳያውቅ የቀረው እሱ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ “ጨው ላቀብልህ?” ስለው “ነገ” አለኝ። ሳቅን። እሱም ምን እንዳሳቀን ሳያውቅ አብሮን ሳቀ፤ እኔም ዕቃ የማነሳ መስዬ ወጣሁ። በግድ ጎትቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። “የሄደው አይመለስም፤ ከማሽኑ ካልራቀ የቀረውም ይሄዳል” አለኝ ሐኪሙ። ለእሱ ደግሞ በወረቀት ጻፈለት።

ያን ጊዜ ነው እናቴ ብቻዋን ወደ ድርጅቱ የሄደችው። “ቤቴን ሽጡና ወንድሜን ልቀቁልኝ” አለች። ባለሙያዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ቤቱ ከተሸጠ ዕዳው ይዘጋል፤ ነገር ግን እየከፈለ ያለ ተበዳሪ ራሱ ካልፈረመ ማንም መሸጥ አይችልም አለቻት። የቀረው የመሮ ፊርማ ነው። እንዲህ ቀላል ነገር!

“በስተርጅናሽ ኪራይ ቤት አትገቢም!” ብሎ ጮኸ መሮ፣ ቤት መጥታ ስትነግረው። አሁን ሁሉን ነገር እየጮኸ ነው የሚናገረው።

“ጆሮህስ?”

“ምን?”

“ጆሮህስ!”

“ዱዳ ድንጋይ ለመቁረጥ ጆሮ ምን ያደርግልኛል!”

እናቴ ያን ቀን ምግብ አልቀመሰችም። እኔ በሁለቱም ተናደድኩ። እሷ እሱን ለማስለቀቅ ቤቷን ትሰጣለች፣ እሱ ቤቷን ለማስለቀቅ ራሱን ይሰጣል፤ ማንኛቸውም አይቀበሉም። እንዲህ ዓይነት ፍቅር ከጠላት አይሻልም ብዬ በስፌት መኪናዬ ላይ አፍጥጬ ተቀመጥኩ። እውነቴን አልነበረም፤ ግን ብዬዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ። ምሳ ቋጥረን ሼዱ ስንደርስ ማሽኒስቱ ጋሪ ላይ ተጋድሟል። “አለቃ እላይ ነው” አለና በአገጩ ወደ አሮጌው ካባ ጠቆመን። ወጣን። እናቴ ዳገቱ ላይ ሁለቴ አረፈች።

መሮ ሣሩን በእጁ ነጭቶ የድንጋዩን ፊት ገልጦታል። ትንሿን መዶሻ ይዞ ኳ ያደርግና ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ይለጥፋል፣ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ኳ ያደርጋል። ጥላችን ሲያርፍበት ነው ያየን። ምሳውን አላየም፤ እናቴን ነው ያየው።

“እትዬ፣ ነይ እስቲ። ልምታውና ንገሪኝ” አላት። መታው። “ጮኸ?”

እኔ የሰማሁት ድፍን ኳታ ነው። እናቴም የሰማችው እሱኑ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ስንት ዘመን ሲወራ ኖሮ ይሄንን ማወቅ አያቅታትም። ዓይኑ ከንፈሯ ላይ ተተክሏል።

“ጮኸ” አለችው።

ፊቱ በራ። ሽብልቁን ተከለ፣ ትልቁን መዶሻ ከትከሻው በላይ አነሳ፣ አንዴ፣ ሁለቴ መታ። ድንጋዩ ጥግ ላይ ተፈረካከሰና ፍርፋሪው ጫማው ላይ ተራገፈ። መዶሻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

“አልጮኸም ነበር” አለ። “እትዬ፣ ስትዋሺኝ ይሄ ሁለተኛሽ ነው።”

“የመጀመሪያው የቱ ነው?”

አልሰማትም፤ ግን የምትጠይቀውን ያውቃል። “አልፈራሁም ያልሽኝ ዕለት” አላት።

እናቴ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ምሳውን ትፈታ ጀመር። እሱም እጁን ኪሱ ከቶ ሲጋራ አወጣ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ፊት ለኮሰ። መርሳቱ ይሁን መሰልቸቱ አላውቅም። እሷም ክብሪቱን ከእጁ ተቀብላ መሬት ላይ አጠፋችለት።

በዚህ መሃል ከታች፣ ከሼዱ፣ መጋዙ ሲያፏጭ ሰማሁ። መብራት መጥቷል፤ ማሽኒስቱ አስነስቶታል። እኔና እናቴ ተያየን። መሮ ጢሱን እየሳበ የነጨውን ሣር ያያል። ከዚያ የእኛን ፊት አየና ቀና አለ።

“መብራት መጣ እንዴ?”

“አልመጣም!” አለችው እናቴ፣ እንዲሰማ ጮክ ብላ። “ምሳህን ብላ።”

እሱም ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ እግሩን ዘረጋ።