አዳዳ ያስያዘችኝ ዘነዘና

ዛሬ ነቀምቴ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ጎረቤት የሚወቀጥ በርበሬ ሸተተኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

ልጅ ሳለሁ ተናካሽ ነበርኩ። አጎቴን የነከስኩት ቀን ዘመድ ተሰብስቦ አኖ ከተማ ላለ ሰው እንዲያሳድገኝ ሊሰጠኝ ተስማማ። እናቴም ዝም አለች፤ እሱን አልረሳሁም።

ከአርጆ የመጣችው የአባቴ እህት አዳዳ ግን ዘነዘና አስያዘችኝ። "ኮቱ፣ ነይ የኔ ነብር! ንዴትሽን በርበሬው ላይ አውጪው።"

ስወቅጥ ብናኙ ቤቱን ሞላው። ሲፈርዱብኝ የነበሩት ሁሉ እያነጠሱ ወደ ደጅ ሮጡ።

"ይህቺ ልጅ ፈጀችን!" አለ አጎቴ እንባውን እየጠረገ።

"እናንተ ካልቻላችኋት እኔ አሳድጋታለሁ" አለች አዳዳ ከሳቋ ጋር እየታገለች። አሳደገችኝም።

አጎቴ አሁን ሸምግሏል። ቤቴ እንግዳ ባገኘ ቁጥር "እሷን እኛ ዘመዶቿ ነን ያሳደግናት" ይላል። አልከራከረውም፤ ሻዩን ብቻ ያለ ስኳር እሰጠዋለሁ።