የጊታሩ መያዣ

የጊታር ቫርኒሽ በሸተታቸው ቁጥር፣ ድሮ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት ይጠብቁ የነበሩት ሽማግሌ አንዲት ተማሪ ትዝ ትላቸዋለች። የሹራቧ ክርን ሳስቷል። የዘፈኗን ግጥም የምትጽፈው ከትምህርት ቤቱ የተባረሩት የጽዳት ሠራተኞች በፈረሙበት አቤቱታ ቅጂ ጀርባ ላይ ነበር። ጊታር ስትዋስ መታወቂያዋን በመያዣነት ትሰጣቸዋለች። ጊታሩ ከግቢ አይወጣም፤ ተማሪም ያለ መታወቂያ ፈተና ክፍል አይገባም፤ ደንቡ ነው።

የፈተናዋ ዕለት ጠዋት የተዋሰችውን ጊታር ታቅፋ መጣችና በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። የተባረሩት ሴቶች ከግቢው በር ውጭ ተሰብስበው ዘፈኗን ይጠብቃሉ፤ የፈተናዋም ሰዓት ያው ነው።

«አባባ፣ እርስዎ ቢሆኑ የቱ ጋ ይሄዱ ነበር?»

«እኔማ ስዘፍን ሲጢጥ የሚለውን የዚህን በር ማጠፊያ ነው የምመስለው። የትም የሚጠራኝ የለም፣ ልጄ።»

ሳቅ አለች፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አንዴ ለእነሱ ብዬ ነው የጻፍኩት እላለሁ። አንዴ ደግሞ እንዲጨበጨብልኝ ይሆናል እላለሁ። ግራ ገባኝ።»

ሽማግሌው «ፈተናሽን ተፈተኚ» ሊሉ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ፣ ጉልበቷ ላይ ባለው የአቤቱታ ወረቀት ላይ ዕቃ ቤቱን ለዓመታት የጠረገችውን ሴት ፊርማ አይተው ቃሉን ዋጡት። ሌላ የሚያደርጉት ቢያጡ መታወቂያዋን ሊያወጡላት ወደ መሳቢያው ጎንበስ አሉ።

ቀና ሲሉ ጊታሩ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። እሷ ደህና ይዋሉ እንኳ ሳትል ወጥታለች። መታወቂያዋን ረስታው ይሁን ትታው ሳይገባቸው፣ እሱኑ እንደያዙ ቆመው ቀሩ።