ወንድሟ ምን ፈልጎ መጣ?

ሰው ሁሉ "ቁጥቤ" ነው የሚላት። ስሙን ያወጣችላት የሥራ ባልደረባዋ አንሶላ ተኳሿ ናት። ሁለቱ በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ አንዷ እያጠበች ሌላዋ እየተኮሰች፣ የዕድሜያቸውን እኩሌታ አብረው ገፍተዋል። ክፍሉ መስኮት የለውም። ጠዋት ሲገቡ ገና አልነጋም፣ ማታ ሲወጡ ጀንበር ጠልቃለች። በመሃል ያለውን ፀሐይ ሌላ ሰው ነው የሚሞቀው።

ቁጥቤ ሠላሳ ዓመት ሲሆናት እግሯ ማበጥ ጀመረ። በዚያው ሰሞን የክፍሉ አለቃ የነበሩት ሴትዮ በኬክና በጭብጨባ ጡረታ ወጡ። ልትጠይቃቸው ቤታቸው ብትሄድ፣ ያ ሁሉ ሠራተኛ ይንቀጠቀጥላቸው የነበሩት ሴት ከአልጋ ወርደው ወንበር ላይ ለመቀመጥ የሰው እጅ ይፈልጋሉ። "ዕረፍት ማለት ይኼ ነው ልጄ" አሏት እየሳቁ። ቁጥቤ አልሳቀችም። በእግሯ ወደ ቤቷ ስትመለስ ውሳኔዋን ጨርሳ ነበር። እሷ የምታርፈው እግሯ ሳይከዳት፣ ገና ሰው ሳለች ነው።

ከዚያ በኋላ የደሞዟን ግማሽ እንደሌለ ቆጠረችው። በቀረው ግማሽ ኖረች። ታክሲ ትታ በእግሯ ሄደች። ምሳዋን ከቤት ቋጠረች፤ አንድ ዳቦ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል። ካፖርቷ ሲነትብ ገበሩን ገልብጣ ሰፋችው። ያለቀ ሳሙና ቁርጥራጭ እየጠፈጠፈች አዲስ ሳሙና ሠራች። ለልደት ወይም ለሽርሽር መዋጮ ሲሰበሰብ ሽንት ቤት ትገባለች፤ ሰብሳቢው እስኪሄድም አትወጣም። እንዲህ እያለች ዓመታት ካለፉ በኋላ በከተማው ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ገዝታ አከራየች። የሚመጣውን ኪራይ ሳትነካ እንደገና ባንክ ታስገባዋለች። ገንዘቡ ራሱ ደሞዝ የሚከፍላት ቀን ሲመጣ፣ ያን ምድር ቤት ዘወር ብላ ሳታየው ትወጣለች።

ይህን ግን ለነፍስ አልተነፈሰችም። ገንዘብ እንዳላት የታወቀች ብቸኛ ሴት በሯ ቀንና ሌሊት ይንኳኳል ብላ ታምናለች። "የለኝም" የሚለው ቃል አፏ ላይ ከመለመዱ የተነሳ፣ ሰዓት ስንት እንደሆነ የጠየቃትን ሰው እንኳ "የለኝም" ብላ አልፋ ታውቃለች።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ወንድሟ እሑድ እሑድ መምጣት ሲጀምር ነው።

ወንድሟ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። ትልቅ ሰው ሆኖም "ማሙሽ" መባሉ አልቀረለትም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። መሣሪያውን ሞተር ሳይክሉ ላይ ጭኖ ከሰፈር ሰፈር ሲከንፍ ይውላል። እህቱን የሚያያት በዓመት ሁለቴ ቢሆን ነው። እና አንድ እሑድ ጠዋት በሯን ሲያንኳኳ፣ ያውም ብርቱካን ይዞ፣ ቁጥቤ ከበሩ ሳትነቃነቅ ቆማ አየችው።

"ምነው በሰላም?"

"በሰላም ነው እትዬ። ናፍቀሽኝ ነው።"

"እኔ?"

"ሌላ ማን አለ እዚህ?"

ገባ። የማይበራ አምፖሏን ቀየረላት፤ እሷ በአንዱ ብርሃን ስለምትብቃቃ ነበር የተወችው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧዋን አጠበቀላት። ሻይ ስትሰጠው ስኳር አልጨመረም፣ ዳቦም አልነካም። ዓይኑ ግን አላረፈም። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ አየ፣ ዘጋ። ልብሷን አየ። ፊቷን ሲያይ ቆይቶ፣ ቀና ስትል ወደ ግድግዳው ዞረ። እንደወጣ የባንክ ወረቀቶቿን ከፍራሽ ሥር አውጥታ በዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ቀበረቻቸው።

በሳምንቱ መጣ። በሁለተኛውም ሳምንት መጣ። ከጓዳ ሻይ ይዛ ስትመለስ ከአልጋዋ አጠገብ ያለውን መሳቢያ ከፍቶ ሲበረብር ደረሰችበት።

"ምን ጠፋብህ?"

ክው አለ። "የራስ ምታት መድኃኒት። ራሴን ትንሽ… ምንም መድኃኒት አትወስጂም እንዴ አንቺ?"

"ጤነኛ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል?"

መሳቢያውን ቀስ ብሎ ዘጋና አንገቱን ደፋ። ሌባ ብላ ለመጥራት የናቷ ልጅ ነው፤ እንግዳ ብላ ለማስወጣት ቧንቧዋን የጠገነ ሰው ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ ጠፋ። ጫማው አቧራ ለብሶ፣ መሣሪያውን በትከሻው አንግቶ በእግሩ መጣ። "ሞተርህስ?" ብትለው "ጋራዥ ገብቷል" አለ። በሳምንቱም ጋራዥ ነው። በሌላውም። የትኛው ሞተር ነው ይህን ያህል የሚታከመው? ሸጦታል! ቁማር ገብቶበታል፣ ወይ ሴት አግኝቶ ተራቁቷል። አሁን ደግሞ ተራው የሷ ነው፤ በብርቱካን እያለሳለሰ ነው።

እሱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረ። የቤት አከራይዋ፣ ዓመት በመጣ ቁጥር ኪራይ ለመጨመር እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት፣ ሳህን ሙሉ ሾርባ ይዛ ከች አለች። "ዘንድሮ ኪራይ አልጨምርብሽም። አንቺ ብቻ ብዪ" ብላ በሩ ላይ ከንፈሯን መጥጣ ሄደች። ቁጥቤ ሾርባውን አሸተተችው። ከዚያ፣ መድፋት ኃጢአት ስለመሰላት፣ እየጠረጠረችም ቢሆን ጠጣችው። ሥራ ቦታ ደግሞ ያቺ አንሶላ ተኳሽ፣ ከካውያዋ ሌላ ነገር አላነሳም ብላ የማለች የምትመስለው ሴት፣ እርጥብ አንሶላ የሞላውን ቅርጫት ከእጇ ነጠቀቻት።

"ተይው፣ እኔ አነሳዋለሁ። አንቺ ቁጭ በይ።"

"ለምን እቀመጣለሁ?"

"እንዲሁ። ሰው አይቀመጥም?"

በዚህ ሁሉ ዓመት "ቁጭ በይ" ብላት አታውቅም። ሱቁን አውቀዋል ማለት ነው። አንዱ ባንክ ሲያያት ለሌላው ነግሯል፤ ወሬው ከጆሮ ጆሮ ዞሮ ዞሮ ወንድሟ ዘንድ ደርሷል።

ጥርጣሬዋ እውነት ሆኖ የታያት በአንድ ሐሙስ ነው። ከሥራ ስትወጣ፣ በሆቴሉ የኋላ በር በኩል፣ ወንድሟና አንሶላ ተኳሿ ቆመው ያወራሉ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከየት ተዋወቁ? አትክልት የሚያራግፈው መኪና ጀርባ ተለጥፋ ጆሮዋን አቆመች። የመኪናው ሞተር እየጮኸ አብዛኛውን ዋጠባት። የተኳሿን የመጨረሻ ቃል ግን ጥርት አድርጋ ሰማች።

"ብቻ ቀድማ እንዳታውቅ። ካወቀች እሺ አትልም።"

ቁጥቤ ቤት ገብታ እናቷ ዘንድ ደወለች። እናቷ ሌላ ከተማ ነው የሚኖሩት።

"እማዬ፣ ማሙሽ ገንዘብ ጠይቆሽ ነበር?"

የእናቷ ድምፅ ተሰነጠቀ። "አይዞሽ የኔ ልጅ። እሱ ሁሉን ይነግርሻል። አንቺ ምንም አታስቢ፣ ይሁን?" ብለው እያለቀሱ ዘጉት።

አሮጊቷንም አልማረም! ያን ቀን ቁጥቤ ደሟ ፈላ። እስከ እሑድ ድረስ አንሶላ ባጠበች ቁጥር የምትለውን ታጠናለች። "የለኝም። ቢኖረኝም አልሰጥም። የሰው ላብ አይበላም፤ ላቤ ነው።" የመጨረሻዋን ቃል ጠንከር አድርጋ ለማለት እየሞከረች አንድ ቀን ጮክ ብላ ስለተናገረችው፣ ተኳሿ ካውያዋን አስቀምጣ በሐዘን አየቻት።

እሑድ ወንድሟ መጣ። ቁጭ አለ። እጆቹን አፋተገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። እንዳትቆጪ።"

"የለኝም!" አለች፣ ገና ሳይጀምር።

"ምኑ?"

"ገንዘብ! ቢኖረኝም…"

"እንደሌለሽማ እናውቃለን" አለ በዝግታ። "ለዚህ አይደል እንዴ የመጣሁት።" ከጃኬቱ ውስጥ ያበጠ ፖስታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወደ እሷ ገፋው። "ታከሚበት። ምን እንደያዘሽ ካልፈለግሽ አትንገሪን። ብቻ ለብቻሽ አትሙቺብን።"

ቁጥቤ ያጠናችው ሁሉ ከአፏ በነነ። ፖስታውን አየች፣ እሱን አየች። "ማን ነው የሚሞተው?"

ያን ጊዜ ዘረገፈው። ተኳሿ ከሰው ኃይል ክፍል ስልኩን ፈልጋ ደውላለት ኖሯል። ጓደኛዬ ከዓመት ዓመት እየከሳች ነው፣ ምሳዋ ዳቦና እንቁላል ብቻ ነው፣ ሰው ሲሰበሰብ ሽንት ቤት ገብታ ትቀራለች፣ ጭራሽ ፀጉሯን ተላጭታ መጣች፤ ያ ክፉ በሽታ ይዟት ሳትነግረን ይሆናል ብላ አልቅሳበታለች። እሱም ሲመጣ ማቀዝቀዣው ባዶ፣ ቤቱ ጨለማ። መድኃኒት ፈልጎ አጣ፤ መግዣ አጥታ ነው አለ። እናቱ ለጣሪያ ማሠሪያ ያስቀመጡትን ላኩ። አከራይዋ ሰጠች። ተኳሿ ሰጠች።

"ሞተሩስ?"

ጎንበስ ብሎ የጫማውን አቧራ ማራገፍ ጀመረ።

ቁጥቤ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። "ፀጉሬን እኮ ራሴ ነኝ በመቀስ የቆረጥኩት። ለፀጉር ቤት ላለመክፈል።"

"እሺ።"

"እውነቴን ነው። ምንም አላመመኝም።"

"እሺ እትዬ።" ዓይኑ እንባ አቀረረ። አላመናትም። አሁን ተጠርጣሪዋ እሷ ናት። እየማለች በሄደች ቁጥር እሱ ይበልጥ ያዝናል፣ ፖስታውን ይበልጥ ወደ እሷ ይገፋል። ልታሳምነው የምትችልበት አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷታል፤ እሱን ደግሞ ከሞት እኩል ትፈራዋለች። በመጨረሻ ተነሥታ የዱቄቱን ቆርቆሮ አመጣችና እጇን እስከ ክንዷ ሰደደች።

ወረቀቶቹን እያራገፈ አነበባቸው። ዱቄቱ ጉልበቱ ላይ ረገፈ። አንድ ጊዜ አነበበ፣ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ እንደገና አነበበ።

ቁጥቤ በዚያች ሰዓት መጀመሪያ ያሰበችው "አሁን አወቀ" የሚል ነበር። ወንድሟ በእግሩ ሲኳትን ከርሞ ፊቷ ተቀምጦ ሳለ፣ ልቧ የሮጠው ወደ ወረቀቶቹ ነው። ያን ያህል በራሷ አፍራ አታውቅም።

"የእማዬ ጣሪያ ያፈሳል" አለ በመጨረሻ። "ይህን ታውቂ ነበር?"

"አልነገረችኝም።"

"አልጠየቅሻትም።" ፖስታውን ወደ ጃኬቱ መለሰ። "ጤነኛ በመሆንሽ ደስ ብሎኛል" አለ፤ ድምፁ ግን ደስታ አልነበረበትም። በሩን ሳያላትም ዘግቶ ወጣ። ቢያላትመው ይሻላት ነበር።

በሳምንቱ ፈቃድ ወስዳ እናቷ ዘንድ ሄደች፤ ጣሪያውን ቆማ አሠራች። እናቷ አልተቆጡም። ራሷን ዳስሰው፣ ትከሻዋን ዳስሰው፣ "ታዲያ ጤነኛ ከሆንሽ ምን አከሳሽ?" ብለው ብቻ ጠየቋት። የወንድሟን ሞተር መልሳ ልትገዛ ስትሄድ፣ የገዛው ሰውዬ የግድ እንደምትፈልገው ከፊቷ አንብቦ ዋጋ ቆለለባት። ለአንድ ሳሙና ገበያውን ሙሉ የምትዞረው ሴት አንዲት ቃል ሳትከራከር ከፈለችና ቁልፉን በተኳሿ እጅ ላከችለት። በዚህም በዚያም ተደማምሮ ከምድር ቤት የምትወጣበት ቀን አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተገፋ።

የፈራችውም አልቀረም። ተኳሿ ገንዘቧ ሲመለስላት ከሳቅ ብዛት ካውያዋ ላይ ልትወድቅ ነበር፤ በማግሥቱ ወሬውን ለሆቴሉ በሙሉ አዳረሰችው። አበድሪኝ ባይ ተሰለፈ። ቁጥቤ ለመጀመሪያ ጊዜ "አለኝ፣ ግን አልሰጥም" ማለት ተማረች፤ "የለኝም" ከማለት በጣም ይከብዳል። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ወጣት ሠራተኞች ግን ብድሩን ትተው እንዴት እንዳደረገችው መጠየቅ ጀመሩ። ለነሱ አልሰሰተችም። ምሳዋ ላይ አትክልት ጨመረች፣ መዋጮም ከፈለች፣ አንድ ጊዜ ሽርሽር ሄዳም ተሰላችታ ተመለሰች።

ወንድሟ ለረጅም ጊዜ አልመጣም። ስልክ ስትደውል "ሥራ ላይ ነኝ" ይላል። መብቱ ነው ብላ ታገሠች፤ ሰው ቤቷ ሲገባ ኪሷን የምትጠብቅ እህት ማን ይናፍቃል?

ከሆቴሉ ሥራዋን ጨርሳ የወጣችው በአንድ ተራ ረቡዕ ነው። በዚያው ሳምንት ደወለችና ምሳ ልጋብዝህ አለችው። "እንዴት አልሽ?" እያለ ሁለት ጊዜ አስደገማት። መጣ። ትንሽ ምግብ ቤት ገቡ። እሱ የምግቡን ዝርዝር ይዞ ዋጋውን ሲያይ "ዋጋውን ተወው፣ የምትበላውን ምረጥ" አለችው። ብዙም አላወሩም። ስለ እናታቸው ጉልበት፣ እሱ መስመር ስለዘረጋበት አዲስ ሕንፃ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር።

ሒሳብ መጣ። ቁጥቤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙራ ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሣች።

"ምን ሆንሽ?" አለ ደንግጦ።

"ሻይ ስንት ጠጣን?"

"ሁለት።"

"ሦስት ብለው ጽፈዋል!" ብላ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ገንዘብ ተቀባዩ ገሠገሠች። ሰውዬው ሊያስረዳ እጁን ሲያነሳ፣ እሷ ብርጭቆዎቹን በጣቷ ስታመለክት፣ ከኋላዋ የወንድሟ ሳቅ ተሰማ። ሊያፍነው ሞክሮ አልቻለም፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይስቃል።