የሀርሺኑ ብቸኛ አድማጬ

ጅጅጋ ውስጥ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን እየጫንኩ ነው የምኖረው። ነፍሴ ያለችው ግን ፓወር ሜታል ላይ ነው፤ ጊታሩ የሚጋልብበት፣ ዘፋኙ ጣሪያ እስኪበሳ የሚጮህበት ሙዚቃ ላይ። ይህ ሙዚቃም ሞቷል። ዘንድሮ የወጣውን አልበም ሁሉ ሰማሁ፤ ጊታሩ ኪቦርድ ስር ተቀብሯል፣ ዘፋኙ እሹሩሩ ይላል። ይህን ብሶቴን የሚሰማኝ ሰው እንኳ እዚህ የለም።

እኔም ቤቴ ውስጥ ሁለት የራሴን ፓወር ሜታል ዘፈን ሠርቼ ቀድቻለሁ። የወሰዱልኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ሀርሺን ገጠር ግመልና ፍየል የሚያረቡት፣ እንደ አጎት አክብሬ አዴር የምላቸው ሙሴ። አምና "ጩኸት የበዛበት ስጠኝ" ሲሉኝ የመጀመሪያውን ጫንኩላቸው፤ በቅርቡ ደግሞ ብዙ የለፋሁበትን ሁለተኛውን።

ትናንት መጡና ሚሞሪውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

"አዲሱን አጥፋና የድሮውን መልስልኝ።"

ክው አልኩ። "ምኑ አልጣመዎትም፣ አዴር?"

"ለስልሷል። የድሮው ያስደነግጥ ነበር። እዚህኛው ላይ ፒያኖ ምናምን አስገብተህ አበላሸኸው።"

እውነታቸውን ነው። ሌሎቹን የምሰድብበትን ነገር እኔው ሠርቼዋለሁ። ቢሆንም በደስታ እንባዬ መጣ፤ በዚህች ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባው ሰው አገኘሁ።

"ፓወር ሜታል መስማት መቼ ጀመሩ፣ አዴር?"

"እኔ? እኔማ ስሰማው ጆሮዬን ያመኛል። በረቱ አጥር ላይ በስፒከር የምለቀው ጅብ ለማባረር ነው። በድሮው አንድም ጅብ ድርሽ አይልም ነበር። አዲሱን ስለቅ ግን መጥቶ አጥሩ ስር ተጋድሞ ያዳምጣል።"